ከዳገቱ በታች የወረደው ታፔላ

አንሴልም ብስክሌት ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ዞሮ አያይም። ይህን እንደ ትልቅ ሙያ ነው የሚያወራው። «አንገት ሲዞር እግር ይለግማል» ይላል። ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ እየመዘነ፣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ ይህን ሲል የሚሰማው ሰው ሳቁን አፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ምን ያድርግ፤ ሰውየው እውነቱን ነው። በቫርኔል መንደር አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሁድ በመጣ ቁጥር፣ ማንም ቀድሞት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ጡረተኞች እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን አይገቡም። በብስክሌት ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፣ በጥዱ ደን ውስጥ ለውስጥ ሐይቁን ይዞራሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ አልፎ አልፎ ግንድ የጫነ መኪና ወይም አስፋልት መሀል ቆማ የምታመነዥክ ላም ካላጋጠመ በቀር የሚያስቆም የለም። እየነዱ ያወራሉ። ስለ ወገባቸው፣ ስለ ሐኪማቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ፍቺ ያወራሉ። እንጉዳይ የት እንደሚለቅሙ ሲጠያየቁ ደግሞ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይዋሻሉ። የደከመውን ይጠብቁታል፤ ጎማው የተነፈሰበት ካለ ሁሉም ይወርዱለታል።

ይህ ሁሉ ፍቅር ግን እስከ ታፔላው ድረስ ነው። ከደኑ ወጥተው የመንደሩ ስም የተጻፈበት ታፔላ፣ ያ ነጩ፣ ዙሪያው ቀይ የሆነው፣ ከዳገቱ አናት ብቅ ሲል ወሬው ቀጥ ይላል። ወዳጅ የለ፣ ዘመድ የለ። ማርሽ ሲቀየር ብቻ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ስድስት የተከበሩ አያቶች ምላሳቸውን አውጥተው ይሮጣሉ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ አባቶቻቸውም ያደርጉት ነበር። ታፔላውን መጀመሪያ ያለፈ ሰው ሽልማት የለውም፣ ዋንጫ የለውም። ግን እስከሚቀጥለው እሁድ ድረስ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እንኳ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል።

ባለፈው ጥቅምት ግን አንሴልም ብቻውን ወጥቶ እርጥብ ቅጠል ላይ ተንሸራተተና ቦይ ውስጥ ገባ። እጁ ተሰብሮ፣ ብስክሌቱ ላዩ ላይ ተጋድሞ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛ። ያገኙት ባልና ሚስት እንጉዳይ ለቃሚዎች ናቸው። እነሱም መጀመሪያ ቅርጫታቸውን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቀው ነው የረዱት፤ ቦታውን እንዳያውቅባቸው።

ልጁ ክሎቲልድ በአካባቢው ያለችው ብቸኛ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሕግ ትወዳለች፤ በሰባት ዓመቷ አባቷን በዜብራ አልተሻገርክም ብላ ለእናቷ ከሳዋለች። ከሆስፒታል ይዛው እንደመጣች ቀጥታ ወደ ብስክሌቱ ሄደች።

«ይሄ ነገር ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ያድራል» አለች።

«ክሎቲልድ፣ እጅሽን አንሺ።»

«አባዬ፣ ሰባ ሁለት ዓመትህ ነው።»

«ዕድሜ አትቁጠሪብኝ፤ የደከመ ሰው ታፔላ ላይ ያሸንፋል? ታፔላው ላይ አንድ ሰው የቀደመኝ ቀን በገዛ እጄ አምጥቼ አስረክብሻለሁ። እምላለሁ። ማርስላን፣ ምስክር ነህ።»

ጡረታ የወጣው ሥጋ ሻጭ ማርስላን ሊጠይቀው መጥቶ ወይኑን እየጠጣ ነበርና በብርጭቆው አረጋገጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ክሎቲልድ የአባቷን ቃል እንደ ትራፊክ ሕግ ያዘችው።

አንሴልም ያን ጊዜ አልፈራም። አርባ ዓመት የሐይቁ ግድብ ጠባቂ ነበር፤ የውሃውን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። ሚስቱ ኖዬሚ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚናገረው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው። ብስክሌቱ ባይኖር የሚቀርለት መስኮቱ ነው። መስኮት ላይ ተቀምጠው መንገድ ማየት የጀመሩትን ጓደኞቹን ሁሉ ደግሞ አንድ በአንድ ቀብሯቸዋል።

በግንቦት መጨረሻ ፍርሃቱ መጣ። ማርስላን ዘጠና ስምንት ኪሎ የሚመዝን፣ ጭኑ የበሬ ታፋ የሚያህል ሰው ነው። የብርዱን ወራት ጓዳው ውስጥ በቆመ ብስክሌት ሲለማመድ ከረመ፤ ለፋሲካ ደግሞ በአንድ ጣት የሚነሳ አዲስ ብስክሌት ገዛ። የግንቦት የመጨረሻው እሁድ ዳገቷ ላይ አንሴልም ልቡ በአፉ ልትወጣ ስትል አንድ ነገር በግራ ጉልበቱ በኩል ብልጭ አለበት። የማርስላን የፊት ጎማ ነበር። አንሴልም ታፔላውን በአንድ ክንድ ብቻ ቀድሞ አለፈ። ጓደኞቹ ጀርባውን ሲመቱት ሳቀላቸው፤ ቆሌው ግን ተገፎ ነበር።

ያን ሳምንት ሙሉ ሲያሰላስል ሰነበተ። እሱ እንደገባው ጥፋቱ የዳገቷ ነው። መቶ እርምጃ አትሞላም፤ ግርጌዋ ላይ ከምትኖረው ከአሮጊቷ ከማዳም ኤርሚን በር ተነስታ ታፔላው ጋ ታልቃለች። ሜዳው ላይ እግሩ ገና እሳት ነው፤ ዳገቷ ላይ ግን ትንፋሹ ያጥረዋል። ዳገቷ ባትኖር ብሎ ተመኘ። ዳገት ደግሞ አይነቀልም።

ታፔላ ግን ይነቀላል። ይህ ሐሳብ የመጣለት ረቡዕ ዕለት ጥርሱን ሲቦርሽ ነው፤ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቁጭ አለ። ከዳገቷ ግርጌ፣ ከማዳም ኤርሚን በር ትንሽ ወደ ሐይቁ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ባዶ ብረቶች ቆመዋል። በአንድ ወቅት ቫርኔል በአበባዋ ተሸልማ «ያበበች መንደር» የሚል ሰሌዳ ነበራት። በድርቁ ዓመት ዳኞቹ መጥተው ሽልማቱን መልሰው ወሰዱ። የጊዜው ከንቲባም አፍሮ ሰሌዳውን አስነሳ። ብረቶቹን የሚነቅል ግን ጠፋና እስከ ዛሬ እርቃናቸውን ቆመዋል።

ሌሊት ስለ መሥራት አላሰበም። ሌሊት በእኛ አገር ውሻ አለ፣ አዳኝ አለ፣ እንቅልፍ እንቢ ያለው ሽማግሌ አለ። እርግጠኛ የሚኮንበት ሰዓት ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ያለው ነው። በምሳ ሰዓት ጎዳና ላይ የሚገኝ ሰው ወይ የጠፋ ነው ወይ የታመመ። ሌባ እንኳ ስርቆቱን የሚጀምረው የምሳው ማሳረጊያ አይብ ከቀረበ በኋላ ነው። እናም ሐሙስ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከየቤቱ የሹካ ድምፅ በሚሰማበት ሰዓት፣ አንሴልም አስራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ኪሱ ከቶ ታፔላው ጋ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ከስርቆቱ ይልቅ ያሳፈረው ምሳውን መዝለሉ ነበር።

አራቱ ቡሎኖች እሺ ብለው ወጡ። ታፔላው ግን ከሩቅ የመጽሐፍ ያህል፣ ሲያወርዱት የአልጋ ያህል ሆነ። ጀርባው ላይ አዝሎት ቁልቁል ሲወርድ ነፋስ መጣና ወደ ግራ ወሰደው፤ ቀና ሲል ወደ ቀኝ ወሰደው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ከደኑ በኩል ሁለት ብስክሌቶች ብቅ አሉ፤ ድንኳን፣ ድስት፣ ካርታ የጫኑ። ሆላንዶች ነበሩ፤ ባልና ሚስት። እየነዱ ዳቦ ይበላሉ። አንሴልም ሁሉን አስቦ ሆላንዶችን አላሰበም፤ እነዚህ ሰዎች ምሳ ሰዓት የላቸውም።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ባልየው ፍሬን ይዞ። «ቫርኔል ገና ሩቅ ነው?»

አንሴልም ጀርባው ላይ ቫርኔልን እንደተሸከመ ቆመ። «ሩቅ እንኳ አይደለም» አለ።

ሴትየዋ ጽሑፉን አነበበች። «ሃያ መንደር አልፈናል» አለች እየሳቀች፤ «ወጥቶ የተቀበለን ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።»

ከዚያ ሳይጠየቁ ብስክሌታቸውን አቁመው ሊረዱት መጡ። ባልየው ታፔላውን ደግፎ ያዘ፣ አንሴልም ዳዶውን አጠበቀ፣ ሴትየዋ ራቅ ብላ «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» አለች። ሁሉም ነገር ታስሮ ካለቀ በኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይቅርታ፣ ስሙ ላይ ቀይ ሰረዝ ያለበት እኮ ከመንደር ሲወጡ የሚታየው ነው አይደል?»

አገላብጦት ኖሯል። ለሚመጣ ሰው «ቫርኔል አበቃች» ይላል። አራቱንም ቡሎን ፈተው እንደገና አሰሩ። ሰዓቱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሆላንዱ ከዳቦው ግማሹን ቆርሶ ሰጠውና አንሴልም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳውን ቆሞ በላ። «በእረፍት ሰዓታቸው እንኳ የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች አላችሁ» አለችው ሴትየዋ ስትሰናበተው፤ «ሰው ደግሞ ስለ እናንተ ሌላ ነው የሚያወራው።»

ዓርብ ጠዋት አንሴልም ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አደባባዩ ላይ ማዳም ኤርሚን ከንቲባዋን ማዳም በርቲልን መንገድ ዘግታባት አገኘ። ልቡ ስንጥቅ አለ። ማዳም ኤርሚን ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ ከዳገቷ ግርጌ፣ ከታፔላው ውጭ በመሆኑ የመንደሩ የቆሻሻ መኪና ታፔላው ጋ ደርሶ ይመለሳል፤ የመንገድ መብራትም ታፔላው ጋ ያልቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሻሻዋን በእጅ ጋሪ እየገፋች ያቺን ዳገት ወጥታለች። ይህን ሁሉ አንሴልም ያውቃል። ሐሙስ ዕለት ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለውም።

«እንግዲህ መንደርተኛ ሆኛለሁ» ትላለች ማዳም ኤርሚን። «የቆሻሻ ገንዳዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ማን አለ፣ ማዳም ኤርሚን?» አለች ከንቲባዋ።

«ታፔላው ነዋ። ሠላሳ አንድ ዓመት ‹ታፔላው ከእርስዎ በላይ ነው፤ ሕግ ሕግ ነው› ስትሉኝ ኖራችኋል። ይኸው ወርዶ ከበሬ በታች ቆሟል። ሕግ ሕግ ነው።»

ከንቲባዋ ዳገቱ አፋፍ ድረስ ሄዳ ቁልቁል አየች። ፊቷ ላይ የሚሆነውን አንሴልም ከዳቦ ቤቱ በር ላይ ሆኖ አነበበው። ጠረጴዛዋ ላይ ከሚያዝያ ጀምሮ ያልተከፈተ የደብዳቤ ክምር አለ፤ የታፔላው ደብዳቤ እዚያ ውስጥ ነው ብላ አሰበች። አላውቅም ማለት ደግሞ ለከንቲባ ሞት ነው።

«አውቃለሁ እንጂ» አለች። «እቅዳችን ውስጥ ነበር።»

ቢሮዋ ገብታ ወደ አውራጃው መንገድ ክፍል ደወለች፤ መስኮቱ ክፍት ስለነበር አደባባዩ በሙሉ ሰማ። እዚያም ያለው ሰውዬ አላውቅም ማለት የማይወድ ሆነ። ታፔላው ወርዶ እንደሆነ መውረድ ስለነበረበት ነው፣ የመንደሩ ውሳኔ ብቻ በጽሑፍ ይድረሰን አለ። አንሴልም አንድ ዳቦ ሊገዛ ሄዶ ሦስት ዳቦ ይዞ ተመለሰ።

ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። ከዛሬ ጀምሮ የቫርኔል መንደር በሐይቁ በኩል መግቢያዋ ከማዳም ኤርሚን በር በታች ሃያ ሜትር ላይ ነው ይላል። አንሴልም መነጽሩን አውልቆ፣ ወልውሎ፣ መልሶ አደረገና ሦስት ጊዜ አነበበው። ሐሙስ ሌባ ነበር፤ ቅዳሜ ሕግ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንደሩ ሠራተኛ አረንጓዴ የቆሻሻ ገንዳ እየጎተተ ለማዳም ኤርሚን አደረሰላት። የመብራቱ ሰውም በወሩ መጨረሻ ይመጣል ተባለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ አንሴልም ያን ምሽት ዝሆን የሚያነቃ ሳቅ ለብቻው ስቆ ተኛ።

እሁድ ጠዋት ማርስላን ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት በፉጨት ተቀበለው።

«አንሴልም፣ ታፔላህን አውርደውልሃል አሉ። ሽማግሌው ከሚሞትብን ታፔላው ይቅረበው ብለው አዝነው ነው።»

«ለኔ አታስብ፤ አንተ ሆድህን ደግፍ» አለ አንሴልም፤ ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀላ።

ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። ደኑ ውስጥ ዝናብ ያራሰው የጥድ ሽታ አለ፤ ጎማቸው አስፋልቱ ላይ ሲሽከረከር ከሚሰማው በቀር ድምፅ የለም። አንሴልም ይህን መንገድ እንደሚወደው ያን ቀን ያህል ተሰምቶት አያውቅም። ለራሱ «ምን ሆነሃል፣ ልታሸንፍ ነው እኮ» አለው።

ከደኑ ሲወጡ ታፔላው እዚያው ሜዳው ላይ፣ ቅርብ ሆኖ ታየ። ከጎኑ ደግሞ ሰው ቆሟል። ማዳም ኤርሚን በሯ ላይ ጠረጴዛ አውጥታ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሳ፣ ኬክ አቅርባ፣ ወንበር ደርድራለች። አጠገቧ ክሎቲልድ እጇን አጣምራ ቆማለች። እሁድ የእረፍት ቀኗ ነው፤ ምን ልታደርግ እንደመጣች ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ወሬው ቆሟል። ማርሽ ተቀየረ።

አንሴልም ከመጨረሻው ጥድ ተነሳ። እግሩ እሳት ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ሜዳው ላይ እግሩ እሳት ነው። መሪውን ጨብጦ አንገቱን ደፋ። ከኋላው ትንፋሽ ሰማ። ከዚያ ጎማው ብልጭ አለ፣ ከዚያ የማርስላን ጉልበት፣ ከዚያ ክንዱ፣ ከዚያ ዘጠና ስምንት ኪሎ ማርስላን በሙሉ እንደ ጭነት መኪና ነፋስ እየገፋ በጎኑ አለፈ። ተራ ማለፍ አልነበረም። ታፔላው ጋ ሲደርሱ መሀላቸው አንድ ሙሉ ብስክሌት ይገባ ነበር።

ማርስላን ወርዶ፣ ሳር ላይ ተዘርሮ፣ ሰማዩን እያየ ይስቅ ጀመር። «ይህን ታፔላ ያወረደውን ሰው እግዜር ይስጠው» አለ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቆ። «አስራ አንድ ዓመት እኮ ነው። በየሳምንቱ እዚህ በር ጋ ጎማህ ላይ ተለጥፌ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ያቺ ዳገት ደሜን ትመጠዋለች። አንተ እንደ ፍየል ትወጣታለህ፣ እኔ ከነሥጋዬ እቀራለሁ። ዳገቷ ናት የያዘችኝ እንጂ አንተ መቼ ያዝከኝ።»

አንሴልም ኩም አለ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያዳነችውን ዳገት በገዛ ቁልፉ ፈትቶ ጥሏታል። ወደ ኋላ አላይም ሲል ኖሮ ማርስላን የት እንደሚቀር አንድ ቀን እንኳ አላየም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ደግሞ እግሩም ባዳ ሆነበት።

ክሎቲልድ ቀረበች። «አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «የምትለው ነገር አለ?»

ነበረው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ የማልኩት በዚህ ታፔላ አይደለም፣ ይሄንን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ማዳም ኤርሚን በዚያ ጊዜ የቆሻሻ ገንዳዋን ክዳን በጨርቅ ትወለውል ነበር፤ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ እንግዳ እንዲያየው አድርጋ አቁማዋለች። ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጠጥ ልትቀዳ መጣች።

«ሙሲዬ አንሴልም፣ ይቀመጡ እንጂ» አለችው። «እሁድ ሰው በሬ ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ሁሉም እየሮጠ ነበር የሚያልፈኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ማዳም ኤርሚን» አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ምንም የምለው የለኝም» አለ። ጓንቱን አወለቀና ብስክሌቱን በመሪው ይዞ አስረከባት።

ማርስላን ከሳሩ ላይ ቀና አለ። መሐላው አሁን ነው ትዝ ያለው። «ቆይ፣ ቆይ። ያ የወይን ወሬ አልነበረም እንዴ?»

«አልነበረም» አለ አንሴልም።

ማርስላን ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር፤ የተቀዳለትን ብርጭቆ አላነሳም። ክሎቲልድ ብስክሌቱን እየገፋች ዳገቱን ጀመረች፤ አንሴልም ጫማው አስፋልቱ ላይ ቋ ቋ እያለ ተከተላት።

«ዓርብ ጠዋት ተማሪዬ ታች ፍሬን ያዘ» አለች መሀል ሲደርሱ፣ ዞር ሳትል። «‹ገና ነው፣ ምን ነካህ› ብዬ ሰደብኩት። ‹ታፔላው እዚህ ነው፤ ከዚህ ወዲህ ሃምሳ ነው› አለኝ። ወርጄ አየሁት። ዳዶዎቹን በቁልፍ ሞከርኳቸው፤ አንዱም ንቅንቅ አይልም። ዳዶን እንደ ግድብ በር የሚያጠብቅ አንድ ሰው ነው የማውቀው።»

አንሴልም ጓንቱን ኪሱ ከተተ።

«ሁለት ቀን ጠበቅኩህ። ዛሬ እንኳ አንድ ቃል ብትናገር ብስክሌትህ ያንተ ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

«ገንዳውን ስትወለውል አየኋታ» አለ። «ምን ብዬ ልቀማት?»

ክሎቲልድ ቆመች። ፊቷን ወደ ደኑ አዞረች፤ ስትመልሰው ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ባለፈው ጥቅምት ስልክ ሲደወልልኝ የሞትክ መስሎኝ ነው የነዳሁት» አለች። «በዚህ ጠባብ መንገድ በመቶ ሠላሳ ነው የነዳሁት። እኔ።»

አንሴልም ይህን አልሰማም ነበር። ልጁ ሃምሳ በተባለበት ሃምሳ አንድ ነድታ አታውቅም። ብስክሌቱን ልትነጥቀው የሞከረችው ደንብ ስለምትወድ ይመስለው ነበር፤ እንዲህ መፍራቷን አያውቅም ነበር። «ይቅር በይኝ» አላት።

ከአናቱ አስር እርምጃ ሲቀራቸው ብስክሌቱን ወደ እሱ ገፋችለት። ፊት ለፊታቸው ታፔላው የነበረባቸው ሁለት ብረቶች ባዷቸውን ቆመዋል።

«ውጣበት» አለች።

«ለምን?»

«የማልከው እዚህ ጋ በነበረው ነው። ማርስላን ደግሞ እዚህ አልደረሰም፤ ታች ኬክ እየበላ ነው።»

«ክሎቲልድ፣ ይሄ ማጭበርበር ነው።»

«የማን ልጅ ነኝ?»

አንሴልም ወጣ። ዳገት ላይ ከቆመበት መነሳት ለወጣትም ያስቸግራል፤ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ሳተው፣ መሪው ወዲያና ወዲህ አለበት፣ ጉልበቱ ጮኸ። ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ረገጠ። ክሎቲልድ ከጎኑ በእግሯ ትሄድ ነበር፣ እጇን ኪሷ ከታ። ብረቶቹ ጋ ሲደርሱ እንዳትቀድመው ብላ እርምጃዋን አሳጠረች፤ አንሴልምም ስታሳጥር አያት።

ብረቶቹን አልፎ አንድ እግሩን መሬት አስነካና ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ከእንግዲህ ብቻህን አትወጣም» አለችው።

«እሺ» አለ።